ቤቱ ሲያዘም ተከራዩ ወዴት ይሂድ?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ተከራዮች ነው። በተለይም የሚኖሩበት ቤት ለኑሮ የማይበቃ፣ አልፎም ለሕይወት የሚያሰጋ ሆኖ ሳለ ለመልቀቅ ስለሚገደዱ ወይም መልቀቅ ስላቃታቸው ሰዎች ነው። የምንነሳው ከአዲስ አበባ፣ ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከአንዋር መስጊድ ሰፈር ነው።

አንዋር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የመርካቶን ገበያ ነው። የጁምዓ ሶላት ዕለት እስከ አስፋልቱ የሚሞላው ምእመን፣ ጭነት ተሸክሞ «ዞር በሉ» እያለ የሚያልፈው ወዛደር፣ በየተራው የተደረደረው ሸቀጥ። መርካቶ የዛሬ ቦታዋን የያዘችው በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደዚህ ሲዛወር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በነጋዴነቱ ገነነ፤ መኖሪያነቱ ግን ከሱቆቹ ጀርባ ተደብቆ ቀረ። በሁለት መደብሮች መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ አለ። በዚያ ገብቶ የታጠፈ ሰው አንድ የጋራ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧና ጥቀርሻ የለበሰ የጋራ ማድቤት ያለበት ግቢ ያገኛል። ዙሪያውን ደግሞ እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ክፍሎች አሉ። በነዚህ ክፍሎች ውስጥ ልጅ ተወልዶ አድጓል፣ ሙሽራ ተሸኝቷል፣ ሐዘን ተቀምጧል።

ከክፍሎቹ የአንዱን ግድግዳ ቀረብ ብለን እንየው። ቤቱ ሲሠራ የባሕር ዛፍ ቋሚ መሬት ውስጥ ተተከለ፤ በማገር ተያያዘ፤ ጭድ በገባበት ጭቃ ተመረገ። እንዲህ ያለ ቋሚ የሚበሰብሰው አፈርና አየር በሚገናኙባት አንዲት ስንዝር ላይ ነው። ከላይ ደህና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጎረቤት ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ግድግዳው ሥር ይተኛል። ጭቃው ውሃ ጠጥቶ ሆዱን ይነፋል፣ ምርጉ ይረግፋል፣ ትናንት በቀላሉ ይዘጋ የነበረው በር ዛሬ አልዘጋ ይላል። በር ያለምክንያት አልዘጋ ሲል ተልጦ ወይም ተሞርዶ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ መቃኑ ተጣሞ፣ ቤቱም ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። ከዚያው ግድግዳ ላይ ደግሞ ቆጥ አርፏል፤ ማታ ማታ ልጆቹ የሚተኙት ቆጡ ላይ ነው። ከአንድ ቆጣሪ ተቀጣጥሎ ለየክፍሉ የሚከፋፈለው የመብራት ገመድም በዚያው በረጠበው ግድግዳ በኩል ያልፋል።

ታዲያ ሰው ለምን አይወጣም?

መልሱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ከወጣሁ አልመለስም» ነው። በዚህ ዝግጅት አድማጮች ከሁሉ አስቀድመው እንዲይዙልን የምንፈልገው ነገርም ይኸው ነው። ሰው በሚያስፈራ ቤት ውስጥ የሚቆየው አደጋው ስላልታየው አይደለም። አደጋውን ለሚመለከተው አካል ቢያመለክት ቤቱ «ለኑሮ አይሆንም» ይባልና ጥበቃ ሳይሆን ሜዳ ላይ መቅረት ይከተላል ብሎ ስለሚሰጋ ነው። ስለዚህ ተከራይን ከአደገኛ ቤት የማዳን ሥራ የሚጀምረው ከግንበኛው ወይም ከመሐንዲሱ አይደለም። ሲወጣ የሚገባበት ምን እንደሆነ አስቀድሞ ከመንገር ነው።

ቤቶቹ እንዴት እዚህ ደረሱ ለሚል፣ ወደ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ድርጅት ተላለፉ። ኪራዩም ተቀነሰ፤ ትልቁን ቅናሽ ያገኙት አነስተኛውን ኪራይ ይከፍሉ የነበሩት ናቸው። ለብዙ ደሃ ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ መካድም አይገባም። በወር ጥቂት ብር እየከፈለ መርካቶ መሀል ልጆቹን ያስተማረው ወላጅ ቁጥሩ ብዙ ነው። ነገር ግን ያው ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ሲቆይ ለቆርቆሮ መቀየሪያ እንኳ የማይበቃ ሆነ። ቀበሌው አያድስም፤ ተከራዩ ደግሞ ያለፈቃድ ግድግዳ መንካት ይፈራል፣ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ያለውን ጥሪት ማፍሰስም ያመነታል። እንዲህ ተከራይም አከራይም ሳያድሱት ቤቱ አርጅቶ ቆመ።

የሰፈሩ ጥበት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ታየ፤ በመርካቶ ሸማ ተራ የሚባለው የገበያ ክፍል በእሳት ተያያዘ። ቃጠሎው ለሰዓታት ዘለቀ። ከየአቅጣጫው የመጡት የእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎች በጠባቡ መንገድና በተጠጋጋው ግንባታ ምክንያት እሳቱ አጠገብ መድረስ ቸግሯቸው እንደነበር በወቅቱ በመገናኛ ብዙኃን ተነግሯል። ስለዚያ ምሽት ሲወራ የሚነሳው በዋናነት የነጋዴው ንብረት ነው፤ መነሳቱም ተገቢ ነው፣ የዕድሜ ልክ ሀብት ነውና። በአካባቢው ላለ ነዋሪ ግን ያ ምሽት ሌላ ነገር አሳይቶ አለፈ። ለመኪና ያልበቃው መተላለፊያ ሌሊት ላይ ሕፃናት ይዞ ለሚሸሽ ሰውም ያው ነው። ለሸቀጥ የተሠራ ሱቅና ሰው የሚተኛበት ክፍል አንድ ግድግዳ በሚጋሩበት ሰፈር የአንዱ አደጋ የሌላው ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ፤ ሕጉን ለመረዳት ግን ግቢው ውስጥ ማን በምን ስም እንደሚኖር መለየት ግድ ነው። ከላይ የቀበሌ ቤት ተከራይ አለ። ውሉ በስሙ ነው፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ቀጥሎ ደባል አለ፤ አንድን የቀበሌ ቤት ከሌላ አባወራ ጋር ተጋርቶ የሚኖር። ከዚያ ጥገኛ የሚባለው አለ፤ ከዘመድ ወይም ከወላጅ ቤት ተጠግቶ ትዳር የመሠረተ ልጅ ብዙውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ይመደባል። በመጨረሻም ከግለሰብ፣ አንዳንዴም ከራሱ ከቀበሌ ቤት ተከራዩ ላይ፣ በቃል ብቻ ተስማምቶ አንዲት ክፍል የያዘ ሰው አለ። ከደቡብ ወይም ከጉራጌ መጥቶ በጭነት ሥራ የሚተዳደር ወጣት፣ ሰው ቤት ሠርታ ወጥታ ሻይ የምትሸጥ እናት በብዛት የሚገኙት በዚህ የመጨረሻው ረድፍ ነው። ጣሪያው ሲወርድ አራቱንም እኩል ይመታል። ምትክ ቤት ሲታደል ግን የሚጠየቀው ወረቀት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበት አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ «ተነሺ» ለሚለው ቃል በሰጠው ትርጉም ውስጥ የመንግሥት ቤት ተከራዮችንም አካቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የቀበሌ ቤት ነዋሪ የቤት ባለቤት ባይሆንም ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ የሚቆጠር ሰው መሆኑን ያረጋግጣል። በተግባርም ከመርካቶው አሜሪካን ግቢ እስከ ልደታና ፒያሳ በተካሄዱት የመልሶ ማልማት ሥራዎች የቀበሌ ቤት ተከራዮች ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ቤት የመግዛት አማራጭ ሲሰጣቸው ቆይቷል። የግለሰብ ተከራዩ ግን በዚህ ውስጥ ስሙ የለም። ኮንዶሚኒየም የደረሰውም ቢሆን ቅድመ ክፍያውን መሙላት አለበት። ከሞላም በኋላ ከከተማዋ ዳር ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ ገብቶ፣ እንጀራው መርካቶ ላይ እንዳለ፣ ጠዋት ማታ በታክሲ ሰልፍ ያልቃል።

ከዚህ ላይ አንድ ክፍተት አለ። አዋጁ የተጻፈው መንግሥት ቦታውን ሲፈልገው ለሚሆነው ነገር ነው። ቦታውን ማንም ሳይፈልገው፣ ቤቱ በራሱ እርጅና ለሰው የማይሆን ሲሆን፣ የሚታየው ሌላ ሕግ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ዛሬም ይሠራል። አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ ማስረከብና በኪራዩ ዘመንም በደህና ሁኔታ ማቆየት እንዳለበት ይደነግጋል። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ በውል ሳይሆን በኃላፊነት ምዕራፍ ያለው አንቀጽ 2077 ነው። አንድ ሕንፃ ጉዳት ቢያደርስ፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ የሕንፃው ባለቤት ኃላፊ ነው ይላል። ሕጉ በዚህ ብቻ አያበቃም፤ ከሌላ ሰው ሕንፃ ጉዳት ይደርስብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ባለቤቱ አደጋውን የሚያስቀር እርምጃ እንዲወስድ ሊያስገድደው ይችላል። ሰው እስኪሞት መጠበቅ አያስፈልግም ማለት ነው። ይህን ድንጋጌ ተከራዮች ቢያውቁት ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር ብለን እናምናለን።

ከዚህ ጋር በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ወጥቷል። አዋጁ በየከተማው የሕንፃ ሹም እንዲኖር አድርጓል። ሹሙ አደገኛ ሆኖ ያገኘው ሕንፃ እንዲጠገን፣ ሰው እንዲለቀው ወይም እንዲፈርስ ለማዘዝ ሥልጣን አለው። ሥልጣኑ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን «ይልቀቁ» የሚለው ትእዛዝ ሲወጣ «ወዴት?» ለሚለው ጥያቄ አብሮ መልስ ካልወጣ፣ ሹሙ ሰውን ከጭቃ ግድግዳ አድኖ ለላስቲክ ቤት ይዳርገዋል። የቀበሌ ቤት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ የሚቆጣጠረውም የሚያከራየውም ያው የከተማ አስተዳደር ነው። አከራዩ በራሱ ላይ እንዲፈርድ ሲጠበቅ ጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ ቢንከባለል አይገርምም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ለግለሰብ ተከራይ አዲስ በር ከፍቷል። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ደንግጓል። አዲስ አበባ ውስጥ አከራይና ተከራይ በየወረዳው እየቀረቡ መመዝገብ የጀመሩትም በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። የአዋጁ ትኩረት ግን የዋጋ ንረትና ድንገተኛ መፈናቀል ነው። ቤቱ ራሱ ሲከዳ የሁለት ዓመት ውል የሚያርፍበት ጣሪያ ያጣል።

መንግሥት ሲፈልግ ከዚህ አልፎ መሄድ እንደሚችል ግን ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከልክሎ ነበር።

ሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ ምን መልስ ሰጠ? ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ሲያትል ናት። ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት፣ አከራዩ ጉድለቱን እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ያከራየው ቤት በመንግሥት ተቆጣጣሪ «ለኑሮ አይፈቀድም» ከተባለ ተከራዩ ባዶ እጁን አይወጣም። አከራዩ ለመዛወሪያ 2,000 ዶላር ወይም የወር ኪራዩን ሦስት እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ በሰባት ቀን ውስጥ ይከፍላል። አስይዞት የነበረውን ገንዘብና በቅድሚያ የተከፈለውን ኪራይም ይመልሳል። ካልከፈለስ? ከተማው ራሱ ለተከራዩ ከፍሎ በኋላ ከአከራዩ ማስመለስ ይችላል። የሕጉ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ሜዳ ላይ የወደቀ ቤተሰብ ፍርድ ቤት እስኪወስን ዓመት መጠበቅ አይችልምና፣ ሕጉ ክርክሩን ጉልበት ባለው ከተማና በአከራዩ መካከል ያደርገዋል። ጉዳቱን ያደረሰው ተከራዩ ራሱ ከሆነ ወይም የተፈጥሮ አደጋ ከሆነ ግን አከራዩ አይገደድም፤ ፍትሐዊ ነው።

በሌላ በኩል ሀብታም ሀገርም ሲዘናጋ ምን እንደሚሆን ለንደን አሳይታለች። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ግሬንፌል የተባለው ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ። ከነዋሪዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ነዋሪዎቹ ስለ ሕንፃው ደኅንነት አስቀድመው ደጋግመው ጽፈው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። ከአደጋው በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቤት ይሰጣችኋል ተባሉ፤ ዓመቱ ሲሞላ ግን ገና በሆቴልና በጊዜያዊ ማረፊያ የነበሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ዓለም አቀፍ መስፈርትም አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ማብራሪያ፣ ሰውን ከቤቱ ማስወጣት ቤት አልባ ሊያደርገው እንደማይገባ፣ በክፉ የአየር ጠባይና በሌሊትም ሊፈጸም እንደማይገባ ገልጿል። ማብራሪያው የሚተረጉመውን ቃል ኪዳን ኢትዮጵያ ተቀብላዋለች፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች መኖሪያ እንዲያገኙ የሚያደርግ ፖሊሲ እንዲኖር ያዛል።

ወደ አንዋር ሰፈር ስንመለስ፣ ግድግዳ ሲደረመስ መጀመሪያ የሚደርሰው ሕግ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። የእድር ድንኳን ግቢው ውስጥ ይተከላል። አንዷ ልጆቹን፣ ሌላዋ አልጋና ብርድ ልብሱን ትወስዳለች። ከመስጊዱ ጀመዓ ሰደቃ ይሰበሰባል፤ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሰፈር ያለውም ድርሻውን ያዋጣል። ይህ ባይኖር ኖሮ ከተማዋ የምትሸከመው ሸክም እጅግ በበዛ ነበር። ሆኖም የድንኳን ጥላ ለሳምንት እንጂ ለክረምት አይሆንም፤ እድሩም ምትክ ቤት የመስጠት ሥልጣን የለውም።

ከዚህ በመነሳት ሊደረግ የሚገባውን ሳንሸፋፍን እንናገር። አንድ ግቢ አደገኛ ተብሎ ሰው ሲወጣ፣ ከመውጣቱ በፊት ግቢው ውስጥ የሚኖረው ሰው ሁሉ፣ ደባሉም ጥገኛውም በቃል የተከራየውም፣ ስሙ ተመዝግቦ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በእጁ መያዝ አለበት። የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆነ ቤቱ ሲታደስ የመመለስ ወይም ምትክ የማግኘት መብቱ በዚያ ወረቀት ላይ ይጻፍለት። ወረቀቱ ቢኖር «ከወጣሁ አልመለስም» የሚለው ፍርሃት ግማሹ ይቀንሳል፤ ሰውም አደጋውን ራሱ መጥቶ ያመለክታል። ጊዜያዊ ማረፊያው በዚያው ክፍለ ከተማ ቢሆን ልጁ ከትምህርት ቤቱ፣ አባቱ ከሥራው አይነጠሉም። የግለሰብ ቤት ከሆነ ደግሞ ከአከራዩ ኪስ የሚወጣ የመዛወሪያ ክፍያ በሕግ ቢደነገግ ለአዲስ አበባም ይሠራል፤ ኪራዩ በባንክ ሲከፈልና ውሉ ሲመዘገብ ስንት ወር ስንት ብር እንደሆነ ማስላት ቀላል ነውና። ከ2010 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ በክረምት በጎ ፈቃድ የሚካሄደው የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት መልካም ጅምር ነው፤ ግን ዕድል የደረሰውን ይረዳል እንጂ ለሁሉም የሚጠየቅ መብት አልሆነም።

ለኮንዶሚኒየምና ለአፓርትመንት ተከራይም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ ሲሰማ፣ ከየፎቁ ደረጃውን ሲወርድ ያመሸው ሰው ብዙ ነበር። በግድግዳው ላይ አዲስ ስንጥቅ ያየ ተከራይ ስንጥቁ ምን ያህል እንደሰፋ በየጊዜው ማየት፣ በተለይ ከዓምዱና ከወለል ተሸካሚው ላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ለአከራዩና ለሕንፃ ሹሙ ማሳወቅ አለበት።

በመጨረሻ ከዛሬ ጀምሮ ተከራይ በራሱ ሊያደርገው የሚችለውን እናንሳ። ቤቱ ምልክት ሲያሳይ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከሳምንት በኋላ ከዚያው ቦታ ደግሞ ማንሳት። ለወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ወይም ለአከራዩ ማመልከት በጽሑፍ ይሁን፤ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን ይስፈርበት፣ ቅጂው በእጅ ይቅር። የኪራይ ደረሰኝ፣ የውል፣ የመታወቂያና የልጆች የልደት ካርድ ቅጂ ከቤቱ ውጪ፣ ዘመድ ጋር ወይም የእድር ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሰነዱ ከቤቱ ጋር ከተቀበረ ወይም ከተቃጠለ ነዋሪ መሆንን ማስረዳት ሌላ መከራ ነው። ግቢው በሙሉ አንድ ላይ ቢያመለክት ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። በቃል የተከራየ ሰው ውሉን ወደ ጽሑፍ እንዲቀይርለት አከራዩን ይጠይቅ፤ ወረዳው የሚመዘግበው በጽሑፍ ያለውን ነው። የእሳትም ሆነ የመደርመስ አደጋ ሲደርስ የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነፃ የስልክ መስመር 939 ነው። ሲደውሉ የቤት ቁጥር ብቻ ሳይሆን በቅርብ ያለውን ተራ ወይም መግቢያ በር፣ መኪና እስከየት ድረስ እንደሚገባ ጭምር ይንገሩ።